አውራ ጣቷ ያረፈበት ካሴት

ውዳድ ሙዚቃ የምታዳምጠው በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ጫቱ ገብቶ ወንዱ ሁሉ ወደየመቃሚያው ሲሰበሰብና ሰፈሩ ጭር ሲል፣ የጣውላ በሯን ገርበብ ታደርግና ምንጣፏ ላይ ትዘረጋለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የታመመ ጉልበቴን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። የወንድሟ ልጅ ናዒማ ስልኳን ባዶ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሳህኑ ድምፁን ያጎላዋል። ቬንትሌተሩን ዝቅ እናደርገዋለን፤ ከፍ ካለ ሙዚቃውን ይበላዋል።

ናዒማ ወደብ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ያሳደገቻት ውዳድ ናት። በሳምንቱ ያገኘችውን አዲስ አልበም ሐሙስ ይዛልን ትመጣለች። ጭፈራ አይደለም የምታመጣው፤ ለስለስ ያለ ነገር ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ ዘፈን የለውም። አምቢየንት ይባላል ትላለች። ዜማ አለው እንዳይባል የለውም፣ የለውም እንዳይባል ደግሞ ሲያልቅ ይናፍቃል።

አንዴ ከብርድ አገር የመጣች ልጅ ጊታር ይዛ እያሾከሾከች ስትዘፍን አሰማችን። ውዳድ ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ይቺን ልጅ አጥሚት የሚያጠጣት ሰው የላትም?» አለች።

«አክስቴ፣ ዘፈኗ እኮ እንደዚያ ነው።»

«እሱማ ሰማሁ። ደረቷን ብርድ መቶታል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የሱማሌ ሽማግሌ ኡድ የሚባለውን የዓረብ ክራር ሲመቱ፣ ግቢ ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ከኋላ ሴቶች ያጨበጭባሉ፣ መሐል ላይ ፍየል ትጮኻለች። ውዳድ ከሁሉ ፍየሏን ወደደቻት። «በሰዓቷ ነው የገባችው» አለች። አንዱ አልበም ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ነው፤ መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲያንጎራጉር ትራስ ውስጥ እንደሚሰማው ያለ። ያኔ ውዳድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተኛች፣ ስትነቃም «ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው» ብላ እኔንና ናዒማን አሳቀችን።

እንዲህ ነበር ሐሙሳችን። ይኼን የማወራው ምን እንደተወሰደባት እንዲገባችሁ ነው።

እኔ ፅዮናዊት እባላለሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ ባለቤቴ ዓለምሰገድም እንደዚያው፤ ባቡሩ ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ውዳድ የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናት። ጨርቅ የሚያመላልስ አባቷ በዘጠኝ ዓመቷ ወደ ጅቡቲ አመጣትና ካርቲዬ ሁለት ውስጥ እኛ ግቢ ገቡ። አንድ የውኃ ቧንቧ ተጋርተን አደግን። እሷ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፣ በጾሟ እኔ ድስቴን ከድኜ አበስላለሁ፣ በጾሜ እሷ ሥጋዋን ከድና ታመላልሳለች። አባቷ ሲሞት እናትና ልጆች በአንዲት የስፌት መኪና ኖሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መርፌው የቀኝ አውራ ጣቷን በስቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ጣቷ ላይ እንደ ክር የሚያልፍ ጠባሳ አለ። ይኼን ጠባሳ ያዙልኝ።

እጮኛዋ ጅብሪል ይባል ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ የአባቷ ወዳጅ ልጅ። ቀን ተቆርጦ ሊጋቡ ሲሉ የሱማሌ ጦርነት መጣ፣ ሐዲዱም ተቆረጠ። ባቡሩ እንደገና መሄድ በጀመረ ሰሞን ከጅብሪል ካሴት ደረሳት።

ያን ጊዜ ከእኛ ሰው ብዙው ጽሕፈት አያውቅም። ደብዳቤ የምንላላከው በካሴት ነበር። ካሴቱ በባቡር ይሄዳል፣ መልሱ በባቡር ይመጣል። የጅብሪል ካሴት ላይ ከኋላ ሰዓቶቹ ሲመቱ ይሰማ ነበር። «ውዳድ፣ አባቴ ሌላ ልጅ ሊያጭልኝ ነው። እኔ አንቺን ብያለሁ። እስከ ጥቅምት ድምፅሽን ካልሰማሁ ግን ትታኛለች ብዬ እቀመጣለሁ» ይላል። ኩሩ ሰው ነበር። ሁለተኛ የሚለምን ዓይነት አልነበረም።

ለመልሱ ጃቢር ዘንድ ሄድን። ጃቢር ዛሬ ሐጂ ጃቢር የሚባሉት፣ በሰፈሩ ሁሉ እጃቸው የሚሳመው ሰውዬ ናቸው። ያን ጊዜ ጺሙን ገና የሚያበጥር ወጣት ነበር። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ነበረችው፤ ግድግዳዋን የጥጥ ፍራሽ ደርድሮባት፣ የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ። ትልቅ ቴፕ አለው፣ መስታወቱ ውስጥ መርፌ ያላት። ሰው ሲናገር መርፌዋ ትነሳለች፣ ሲጮህ ቀዩ ላይ ትደርሳለች።

እሱ ዘንድ ደብዳቤ የሚጀመረው በእንጉርጉሮ ነው። ሴቱ ሁሉ መሣሪያው ፊት ሲቀመጥ አፉ ይታሰራል፤ ለዕቃ ማውራት ያሳፍራል። ስለዚህ ጃቢር መጀመሪያ የራሱን ካሴት ይከትና «ትንሽ አንጎራጉሪልኝ፣ መርፌዋ ትነሳ» ይላል። የሰርግም ይሁን የልጅ ማባበያ፣ የመጣልሽን ታንጎራጉሪያለሽ፣ እሱ ድምፁን ይለካል፣ አንቺም ድፍረት ይመጣልሻል። ከዚያ የራሱን ካሴት ያወጣና ያንቺን ያስገባል። ደብዳቤው ያኔ ይጀመራል። እንጉርጉሮው እሱ ጋ ይቀራል፣ ደብዳቤው ያንቺ ነው።

ውዳድ እናቷ በስፌት መኪናዋ ላይ ሆና የምታንጎራጉረውን አንጎራጎረች። ከዚያ ደብዳቤዋን ተናገረች። እኔ እዚያው ፍራሹን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሲያልቅ ጃቢር ካሴቱን አውጥቶ «ፈርሚበት» አላት እየሳቀ። መጻፍ አትችልም። የማኅተም ቀለሙን አቀረበላት፣ ሐምራዊ ነው፣ አውራ ጣቷን ነክራ የካሴቱ ወረቀት ላይ አሳረፈች። ጠባሳው መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ። «ጅብሪል ይቺን ሲያይ ያውቀኛል» አለች።

ካሴቶቹን ለባቡር ሰዎች የሚሰጠው ጃቢር ነው። ከሚያደርሱትም አንዱ የእኔ ዓለምሰገድ ነበር፤ በምሳ ዕቃው ውስጥ አድርጎ ነው የሚወስደው።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር አለፈ። በታኅሣሥ ጅብሪል አገባ የሚል ወሬ መጣ። ውዳድ ወደ ጃቢር ሮጠች። እሱም እጁን ዘርግቶ፣

«እኔማ በእጄ ለዓለምሰገድ ሰጥቼዋለሁ። ወይ ድንበር ላይ ፈታሾች ወስደውበታል፣ ወይ ጥሎታል። እሱን ጠይቂው» አላት።

ዓለምሰገድ ማለ። በልጆቹ ማለ፣ በእናቱ ሥጋ ማለ። «ጃቢር የሰጠኝ አራት ካሴት ነው፣ አራቱንም አድርሻለሁ፣ የጣት አሻራ ያለበት አላየሁም» አለ። ውዳድ አላመነችውም። ምን ታድርግ? ጃቢር አብሯት ያዘነ መስሎ ነበር፤ ዓለምሰገድ ግን ተቆጣ። ያዘነው እውነተኛ፣ የተቆጣው ሌባ ይመስላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቧንቧ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ውኃ ቀዳን። ኋላ እናቷ ሞተች፣ ለቅሶ ሄድኩ፣ አቀፈችኝ፣ ሆነ። ስለ ካሴቱ ግን አልተነጋገርንም። ባለቤቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሊሞት ሰሞን እንኳ ትኩሳቱ ሲነሳ «ያቺን ካሴት አላየሁም በሏት» ይል ነበር። እኔም አልኳት። እሷም «ይሁን፣ ያለፈ ነው» አለች። ይሁን ማለት አመንኩ ማለት አይደለም። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ጃቢርስ? በሚቀጥለው ረመዳን ማግስት ለውዳድ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰው። «የተሰበረ ልብሽን እጠግናለሁ ብሏል» አሏት። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ራሴ እጠግነዋለሁ» ብላ መለሰቻቸው። ከዚያም ማንንም አላገባችም።

ጅብሪልን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይታዋለች። የሰዓት ዕቃ ሊገዛ ጅቡቲ መጥቶ ጨርቅ ተራ ተገናኙ። «ደህና ነሽ?» አላት። «ደህና ነኝ» አለችው። አለፈ። እሷ ደብዳቤዬ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ ተወኝ ትላለች፣ እሱ ደብዳቤ እንኳ ነፈገችኝ ይላል። እንዲህ ተላልፈው ሄዱ። ከሞተ አራት ዓመት ሆነው።

እንግዲህ ወደ ሐሙሳችን ልመለስ።

ባለፈው ጥር ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ቬንትሌተር እንኳ አላስፈለገንም። ናዒማ ገና ከበሩ ሳትገባ፣

«የዛሬው የእኛው ነው! የጅቡቲ ልጅ የሠራው! ሳቢት ይባላል፣ የሐጂ ጃቢር የልጅ ልጅ። ፈረንሳይ ነው የሚኖረው፣ ሰው ሁሉ እያወራለት ነው» አለች።

የአልበሙ ስም በፈረንሳይኛ ነው፣ ትርጉሙ «ከደብዳቤው በፊት» ማለት ነው አለችን። ስልኩን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች። መጀመሪያ ባሕር መጣ፣ ቀስ ያለ ማዕበል። ከዚያ ከሩቅ እንደ ባቡር ያለ ጉርምርምታ። ከዚያ ሴቶች። እንጉርጉሮ ብቻ፣ ቃል የለውም፤ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች፣ ድምፃቸው ተስቦ ተስቦ እንደ ጉም ሆኗል። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ከዚያ በፊት ካሰማችን ሁሉ ያምር ነበር።

አራተኛው ላይ ውዳድ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ወገቧን የሚያማት ሴትዮ እንደ ልጅ ብድግ አለች።

«ይሄ እኮ የእናቴ ነው» አለች። «የእናቴ እንጉርጉሮ ነው። እኔ ነኝ! ፅዮን፣ እኔ ነኝ!»

«አንቺ?» አለች ናዒማ።

«ድገሚው! ዋላሂ እኔ ነኝ። አትሰሚም መሐል ላይ ስስቅ? ፅዮን እያየችኝ ስታስቀኝ ነው።»

እውነቷን ነው። ትንሽ ሳቅ አለች፣ ተስባ ተስባ የወፍ ድምፅ መስላለች። ያሳቅኋት እኔ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ሰማነው። ውዳድ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው እዚያ ላይ! ጉሮሮዬን እዩልኝ! ይኼኔ ፈረንሳይ አገር አንዱ ተኝቶ ይሰማኛል» አለች። ከዚያ «ለመሆኑ ፎቶ አለው? ምን አድርገውበታል?» ብላ ሽፋኑን ለማየት ጠየቀች።

ናዒማ ስልኩን ከሳህኑ አውጥታ ሰጠቻት። የካሴት ክምር ነው፣ አሮጌ ካሴቶች ጠረጴዛ ላይ ተከምረው ተነስተዋል።

«ይሄ ቅባት ነው?» አለች ውዳድ።

«የቱ?»

«ይሄ ከታች ያለው። ሐምራዊው።»

ናዒማ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ አሰፋችው። የአውራ ጣት አሻራ ነው። መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለው።

ውዳድ ቀኝ እጇን አንስታ አውራ ጣቷን ከስልኩ አጠገብ አደረገች። አልበሙ በራሱ ይቀጥል ነበር፣ ሌላዋ ሴት ታንጎራጉር ነበር። እንጉርጉሮው ጃቢር ጋ ቢገኝ አይገርምም፣ የሱ ነው። ካሴቱ ግን የጅብሪል ነው። ከዚያች ክፍል ወጥቶ ድሬዳዋ መድረስ የነበረበት ካሴት ነው። አንድም ቀን አልወጣም።

«ዓለምሰገድ» አልኩ።

ውዳድ ዞር ብላ አየችኝ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገርነውን ያኔ ተነጋገርን፣ ያለ ቃል። ከዚያ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አድርጋ፣ «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ባልሽን ሌባ አድርጌ ኖርኩ» አለች።

እኔ ወዲያው ተነስቼ ጃቢር ቤት ልሄድ ነበር። ፊቱ ላይ ልተፋ። ነጠላዬን አንስቼ ነበር። ውዳድ ቀሚሴን ያዘች።

«ቤቱ ብንሄድ በር ዘግቶ ሻይ ያቀርብልናል። አሮጊት ተሳስታ ነው ይላል። ሰው ፊት ነው የምፈልገው።»

«ምን እንዲያደርግልሽ?»

«ለማን እንደሰጠው በራሱ አፍ እንዲናገር። ሌላ ምንም አልፈልግ። አንዲት ቃል፤ 'ለማንም አልሰጠሁትም' ይበል። ሳልሞት፣ ሳይሞት።»

ናዒማ ስልኳ ላይ አገኘችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር ባለ አዳራሽ የአልበሙ ማዳመጫ ዝግጅት አለ። ሳቢት ይመጣል። ካሴቶቹ ለእይታ ይቀርባሉ። አሮጌው ቴፕ ይመጣል፣ ሐጂ ጃቢርም ያን ጊዜ እንዴት ይቀዱ እንደነበር ለታዳሚው ያሳያሉ ይላል።

«ያሳየን» አለች ውዳድ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሌላ አልበም አልሰማንም። ሐሙስ ብቻም አልነበረም፣ በየቀኑ ያንኑ ነው ያዳመጥነው። እሷ እንደ ድሮዋ አልተንጋለለችም፤ ተቀምጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ልብስ እየሰፋች። ማዕበሉ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ የትኛዋ ሴት ከየትኛዋ እንደምትከተል በቃሏ ያዘችው። ሰው የሚወደውን ሙዚቃ እንዲህ ያጠናል፤ እሷ የጠላቷን ቤት በር እንደምትቆጥር ነበር። የምትሰፋው ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ረጅም ቀሚስ ነው፣ ሐምራዊ። «ቀለሙን እንዲያስታውሰው» አለችኝ።

ቀኑ ደረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል። ከመቶ የማያንስ ሰው አለ። ወጣቱ ይበዛል፤ የሰፈራችንም ሰው መጥቷል፣ የመስጊዱም ሽማግሌዎች። ሐጂ ጃቢር ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው እየሄደ እጃቸውን ይስማል። ይኼንም በዓይኔ አየሁ። ካሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የእሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ከተቀመጥንበት ሐምራዊው ይታየናል።

ሳቢት ጥሩ ልጅ ነው፣ ይኼን መካድ አልችልም። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር። በፈረንሳይኛ ተናገረ፣ በሱማሌኛ ተናገረ፣ ትንሽ በተሰበረ አማርኛም ሞከረ። «አያቴ ያስቀመጡት የእናቶቻችን ትንፋሽ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ከዚያ፣

«ከእናቶቻችን አንዷ ትምጣልንና አያቴ እንደ ድሮው ይቅዷት» አለ።

ውዳድ ተነሳች። ወገቧን ቀና አድርጋ፣ ያን ሐምራዊ ቀሚስ እያስጎተተች ሄዳ ከቴፑ ፊት ተቀመጠች። ሐጂ ጃቢር ቀና ብለው አዩዋት። አወቋት። ግን ሰው ፊት ነውና ፈገግ አሉ። መቅጃውን ተጫኑት። ካሴቱ መዞር ጀመረ። የለመደ አፋቸው፣

«ትንሽ አንጎራጉሪልኝ፣ መርፌዋ ትነሳ» አለ።

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ።

«እኔ አንጎራጉሬያለሁ ሐጂ» አለች ውዳድ። «አርባ አምስት ዓመት ሆነው። አራተኛው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሳቢት እጁን አፉ ላይ ጫነ፣ ደስታ ነው። ውዳድ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከጠረጴዛው ካሴቷን አነሳች፣ አውራ ጣቷንም ከአሻራው አጠገብ አደረገችው።

«ይሄ እንጉርጉሮ አይደለም። ይሄ ለጅብሪል የላክሁት ደብዳቤ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?»

ሐጂ ጃቢር አልተናገሩም።

«ጠፋ ብለኸኝ ነበር። ለማን ሰጠኸው?»

አንተ አለቻቸው። ሐጂን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከኋላ የነበሩት ሽማግሌዎች ሲንቀሳቀሱ ወንበራቸው ጮኸ። ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ሙስበሃው ጣታቸው መሐል ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

እኔ መናገር አላሰብኩም ነበር። ግን እግሬ ራሱ አቆመኝ።

«ለዓለምሰገድ ሰጠሁት ብለህ ነበር!» አልኩ። «ባሌ እስኪሞት ሲምል ኖረ። ለዓለምሰገድ ሰጥተኸዋል? በለኛ!»

ምንም። ባሕሩ በመስኮት ይሰማል። አንድ ሰው ሳለ። ሳቢት «አያቴ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ለሱም አልመለሱለትም። ቴፑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ውዳድ ያዘችው።

«ተወው ልጄ፣ ይዙር። መርፌዋን እያት ሐጂ፣ ትንቀጠቀጣለች። ዝምታም ይቀዳል።»

ተቀመጠች። እሷ እያየቻቸው፣ እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ፣ ካሴቱ አልቆ ጠቅ ብሎ በራሱ እስኪቆም ድረስ አንድም ሰው አልተነሳም። የፈለገችውን ቃል አላገኘችም። ካሴቷን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወጣች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። እኔም ነበርኩ።

«ስለ አላህ ብለሽ ሐጂን ይቅር በያቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ልባቸው ደካማ ነው» አሏት።

«ምን አደረግኋት ብለው ነው የላኳችሁ?»

ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በመካከላችሁ የቆየ አለመግባባት አለ ነው ያሉት» አለ።

«አላህ ያውቃል፣ ያልተነገረኝን ነገር ይቅር ማለት አልችልም። ሂዱና ንገረኝ ብላለች በሉት። እንዴት ያለ ሰው ነው! ድሮም ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ፣ ዛሬም ሦስት። ቁጥሩን እንኳ አልቀየረውም።»

ባዶ እጃቸውን ሄዱ፣ አልተመለሱም።

እሑድ ሳቢት ብቻውን መጣ። ያንን ትልቅ ቴፕ በሁለት እጁ ተሸክሞ። ምንጣፉ ላይ አስቀመጠውና አጠገቡ ተቀመጠ። «ደብዳቤሽን ስሚበት» አለ። ሰማነው። የውዳድ ወጣት ድምፅ፦ «ጅብሪል፣ እናቴ ታማለች እንጂ እኔ አልተለወጥኩም። ከአልጋዋ እንደተነሳች በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ሰዓቶችህን አቁማቸው። እስክመጣ አይቁጠሩ።» ውዳድ አላለቀሰችም። ልጁ ነው ያለቀሰው።

«ምን ላድርግ እትዬ?» አላት። «አልበሙን ላጥፋው?»

«አታጥፋው። የሌሎቹ ሴቶች ምን በደሉ? የኔን እንጉርጉሮ አውጣልኝ፣ እሱ ቤት ማደር አልፈልግም። በቦታው የራስ ዲካውን ካሴት አግባበት፣ ያንኑ፣ ሳትነካካው። ስሙንም በሙሉ ጻፍበት።»

«አያቴ ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ማንም አያቴ የሚለኝ የለም፣ በሱ ምክንያት። ምረጥ።»

ልጁ የቴፑን ገመድ ጠቀለለ፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። አሳዘነኝ ልበል? ትንሽ። ውዳድን ግን አላሳዘናትም፤ ስፌቷን አንስታ ቀጠለች። ሲወጣ አልተሰናበተንም።

ከአሥር ቀን በኋላ ሐሙስ ናዒማ መጣች። ምንም ሳትናገር ስልኩን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ባሕር፣ የባቡሩ ጉርምርምታ፣ ሴቶቹ። አራተኛው ላይ እንጉርጉሮ የለም። ሐጂ ጃቢር ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስም ተጽፈውበታል፤ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። የጭብጨባው ማለቂያ አለበት። የውዳድ ጥያቄ አለበት። ከዚያ የሽማግሌ ትንፋሽ፣ የወንበር ጩኸት፣ ሙስበሃው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከመስኮቱ ውጭ ባሕሩ። መሐል ላይ የኔ ድምፅ ይመጣል፣ ከሩቅ፣ የዓለምሰገድን ስም ሲጠራ። መልስ የለውም። የባሌ ስም አሁን እዚያ ውስጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ሊሰማው ይችላል፣ ሐጂም ሊመልሱት አልቻሉም። ይኼን ስሰማ አንድ ነገር ከደረቴ ወረደ፤ ደስታ ነው ብል አላፍርም።

ሐጂ ጃቢር ከመስጊዱ በር ላይ ወንበራቸው ጠፋ። ጋቦዴ ገቡ ሲሉኝ እስር ቤቱ መስሎኝ እልል ልል ነበር፤ ለካ እዚያው ጋቦዴ ሰፈር ልጃቸው ቤት ተዛውረው ነው።

ለውዳድ ነገርኳት።

«ጋቦዴስ ስልክ የለም?» አለች።

አልበሙን ፈረንሳይ ውስጥ ከዓመቱ ምርጥ ብለው እንደያዙት ናዒማ ባለፈው ሐሙስ ነገረችን። ሰው በተለይ አራተኛውን ወዶታል አለች፤ ሲተኙ ያዳምጡታል፣ ሰላም ይሰጣል ብለው ጽፈዋል። ውዳድ ምንጣፏ ላይ ተንጋላ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየች። ሙስበሃው የመጨረሻዋን ቀጭ አለ፣ ካሴቱም ጠቅ ብሎ ቆመ።

«አዲስ አልበም አምጥቻለሁ፣ በገና ነው» አለች ናዒማ። «ላስገባው?»

«ይቆየን» አለች ውዳድ። «ምናልባት ዛሬ ይናገር ይሆናል። ድገሚው።»